ከመቼ ጀምሮ?

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። አያቴ ደባርቅ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው በተሰበረ ጊዜ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎንደር አምጥተን ሆስፒታል አስተኛናቸው። በሁለተኛው ሌሊት ግሉኮሱን ካልነቀልኩ ብለው ታገሉ፤ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን ወንድማቸውን “በሬዎቹን መልስ!” እያሉ ተጣሩ። እኔም የኅብረታችን የጸሎት መሪ ነኝና እጄን ጭኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ መገሠጽ ጀመርኩ። አያቴ ይብሱን ፈሩ።

ተረኛዋ ነርስ መጣች። አልተቆጣችኝም። “ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለችኝ።

“ትናንት ደህና ነበሩ።”

ወደ አያቴ ጎንበስ ብላ፣ “እማማ፣ ከጳጉሜን ጀምረው ወራቱን ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ” አለቻቸው። “ጳጉሜን፣ ነሐሴ…” ብለው ጠፋባቸው። ጾምና በዓሉን ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው!

“ዴሊሪየም ይባላል” አለችኝ። ድንገት የሚመጣ፣ አንዴ ሻል አንዴ ባስ የሚል የአእምሮ መታወክ ነው፤ ቀስ በቀስ ከሚመጣው የእርጅና መርሳት ይለያል። ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያስነሣዋል። አያቴ ሲመረመሩ የሽንት ኢንፌክሽን ተገኘባቸው።

ኋላ ሳነብ የገረመኝ፣ አስቀድሞ መጠርጠር የሚቻል መሆኑ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ፣ ታማሚው ሆስፒታል ሲገባ አራት ነገሮች ይታዩ ይላል፦ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን፣ የማስታወስ ችግር፣ የዳሌ ስብራት፣ ጽኑ ሕመም። አንዱ እንኳ ካለ ያሰጋል። አያቴ ሁለቱ ነበሩባቸው። መነጽራቸው ግን ደባርቅ ቀርቷል፤ ውሃም በየሰዓቱ ያጠጣቸው አልነበረም። አስታማሚው እኔ ነበርኩ።

እናንተም አንድ ቀን አልጋ አጠገብ ትቆማላችሁ። ታማሚው ሲጮኽ ብቻ አይደለም፤ ድንገት ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋም “ዛሬስ አረፉ” ብላችሁ አትለፉ፤ ነርስ ጥሩ። መነጽራቸውን አምጡላቸው፤ ከተፈቀደ ውሃ አጠጧቸው፤ ቀኑንና ያሉበትን ቦታ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ ሌሊት ጸጥታ ስጧቸው።

መጸለይ አልተውኩም፤ አሁን ግን በለሆሳስ ነው። ኤልያስ ሞትን በለመነበት ክትክታ ሥር መልአኩ አልጮኸበትም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ሲተኛም ተወው።