ሁለቴ ጠቅ ሲደረግ ወዴት?

ዛሬ ከሰዓት የአንድ ውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሞዴል እየገመገምን ነበር፤ ሲስኤምኤል (SysML) በተባለው የሞዴል መሥሪያ ቋንቋ የተሠራ።

አክቲቪቲ ዲያግራሙ ላይ «ግፊት ለካ» የሚለውን ሳጥን ሁለቴ ጠቅ አደረግኩት። የውስጡ ዲያግራም ተከፈተ። ጎሽ!

ብሎክ ዲያግራሙ ላይ «ፓምፕ» የሚለውን ሁለቴ ጠቅ ሳደርግ ግን የስምና የባሕርያት መሙያ መስኮት ድንገት ተደቀነብኝ። ውስጡን የሚያሳይ ዲያግራም እያለው እኮ ነው!

ስቴት ማሽኑ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ ቀኝ ጠቅ፣ ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ፍለጋ፣ ከዚያ መክፈት። መመለሻውስ? «ተመለስ» የሚለው ቁልፍ አንዳንዴ ወደ መጣሁበት፣ አንዳንዴ ወደ ላይኛው ዲያግራም ይወስደኛል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

የሚገርመው፣ ቋንቋው ምልክት አላጣም። የአንድ ድርጊት ዝርዝር በሌላ አክቲቪቲ ውስጥ ካለ በሳጥኑ ጥግ መንሽ የመሰለች ትንሽ ምልክት ትቀመጣለች። ምልክቷ ስትነካ ምን ይከፈት የሚለው ግን ለሶፍትዌር ሠሪው የተተወ ነው። እሱም እንደ ስሜቱ!

አዲስ የሚገቡ ልጆች ዲያግራሙን እርግፍ አድርገው ትተው በጎን ያለውን የሞዴል ዛፍ ብቻ ሲጠቀሙ አያለሁ። አልፈርድባቸውም። ግን ታዲያ ያን ሁሉ ዲያግራም ለማን ነው የምንስለው?

በእኔ በኩል ሁለቴ ጠቅ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ያስገባ፣ ባሕርያቱ በቀኝ ጠቅ ይምጡ ባይ ነኝ።

እናንተስ? በየዲያግራሙ የመመለሻ ሊንክ በእጃችሁ ነው የምታስቀምጡት ወይስ የተሻለ ዘዴ አላችሁ? ኮሜንት ላይ ጣል አድርጉልኝ።