ከሮቤ እስከ ደሎ መና በሁለት ዓይነት ጎማ

ስለ ባሌ ተራሮች ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ኢንሻአላህ ይጻፋል። እኔ ግን ያን አገር ያየሁት ከመኪና መስኮት ሳይሆን ከብስክሌት ኮርቻ ላይ ሆኜ በመሆኑ፣ የማወራችሁ ስለ ተራራው ብቻ ሳይሆን ከተራራው ጋር ስላገናኘን የሦስት ጣት ስፋት ያለው ጎማ ጭምር ነው።

ወቅቱ ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነበር። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እስኪወጣ እቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ከሮቤ ተነስተን ሳነቴን አቋርጠን በሐረና ጫካ በኩል ደሎ መና እንውረድ ብሎ ያዘኝ። እናቱ በመጀመሪያ እምቢ አለች። ኋላ ላይ ግን ለኔ ስትል ፈቀደችና በር ድረስ ሸኝታን «ከአላህ በታች አንተን ነው የማውቀው» አለችኝ። ይህች ቃል ከያዝኩት ሻንጣ ሁሉ ትከብድ ነበር።

ብስክሌቶቻችን ሁለቱም ማውንቴን የሚባሉት፣ የቸርኬያቸው ልክም አንድ ዓይነት ባለ 26 ነበር። የሚለያዩት በጎማ ነው። የርሱ ጎማ 2.3 ኢንች ስፋት ያለው ሆኖ ጥርሶቹ ትላልቅና የተራራቁ ናቸው። የኔው 1.95 ሲሆን፣ ጥርሶቹ አጫጭርና የተጠጋጉ ነበሩ። እርሱ «ጎማ ማለት ጥርስ ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ጎማ ማለት ንፋስ ነው፤ እስኪጠነክር ሞልተህ መሄድ ነው» እላለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ በአውቶቡስ ስንጓዝ በዚሁ ስንከራከር ዋልን። (ንፋስ የሚሞላውን ጎማ ለብስክሌት ያበቃው በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ ነገሩን የጀመረውም የትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በድንጋያማ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ ስላስቸገረው ነበር። ለልጅ ሲባል ስንት ነገር ተሠርቷል!)

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ነው። ጎማዬን 50 ፒ.ኤስ.አይ ሞልቼው ስለነበር ብስክሌቱ ራሱ ይሮጥ ጀመር። የልጁ ትላልቅ ጥርሶች ግን አስፋልቱን እየመቱ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻሉ፤ እኔ አንድ ጊዜ ስረግጥ እርሱ ሁለት ጊዜ ይረግጣል። በአስፋልት ላይ ትልቅ ጥርስ ጉልበት ከመብላቱም በላይ ቶሎ ያልቃል። ጎባ ስንገባ ዞር ብዬ አየሁት እንጂ ምንም አላልኩም። ዝም ማለቴ ከመናገር ይብስ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል።

በማግስቱ ፈጅርን ከሰገድን በኋላ የጉዞውን ዱዓ አድርገን ወደ ሳነቴ ወጣን። ከጎባ በኋላ ያለው መንገድ ያኔ ፒስታ ነበር፤ ከ2700 ሜትር ግድም ተነስቶ ከ4000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚህ ላይ የኔ ፍልስፍና የመጀመሪያውን ኩርኩም ቀመሰ። በጣም የጠነከረ ጎማ ጠጠር ሲያገኝ አይቆነጥጠውም፤ ይነጥርበታል። ዳገት ላይ ቆሜ በረገጥኩ ቁጥር የኋላው ጎማ ባለበት ይሽከረከራል፣ እጄም እስከ ትከሻዬ ይነዝረኛል። የልጁ ጎማ ለስለስ ብሎ የጠጠሩን ቅርጽ እየያዘ ይወጣ ነበር። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ንፋሱን ወደ 35 አወረድኩት። ወዲያውኑ ብስክሌቱ ሌላ ብስክሌት ሆነ።

ሳነቴ ላይ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ ይሁንና ብርዱ የጣት ጫፍ ያደነዝዝ ነበር። ጅብራው እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። በምዕራብ በኩል 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ። ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የፍልፈል ጉድጓድ ይጠብቃል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡና ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ እንደሚኖሩ ስነግረው፣ ልጁ ለረጅም ጊዜ ከኮርቻው ሳይወርድ ቆሞ ተመለከተው። ሱብሐነላህ! ይህ ስፍራ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዜናውን የሰማሁት ያንን ቀበሮ እያሰብኩ ነው። በነገራችን ላይ ግዙፉ ፍልፈል በባሌ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ የመንገዱን ዳር እንደ ወንፊት ይበሳሳዋል። የፊት ጎማ እዚያ ከገባ ብስክሌቱ ይቆማል፤ ሰውዬው ግን አይቆምም። ስለዚህ መሐል መንገዱን ይዘን ሄድን።

ዙህርና ዐስርን በቀስር፣ ሁለት ሁለት ረከዓ አድርገን አንድ ላይ ሰገድን። ጠዋት በውዱእ የለበስነውን ኹፍ ሳናወልቅ በላዩ ላይ ማበሳችን ለመንገደኛ የተሰጠ እዝነት ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሃው እንደ መርፌ በሚወጋበት በዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ያደረገው ሰው ግን ትርጉሙን በእግሩ ያውቀዋል።

ከሜዳው ጫፍ ወደ ሪራ ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው። ከላይ ሆኖ ወደ ታች ሲታይ ጫካው ደመና ውስጥ እንደተዘረጋ ጥቁር ምንጣፍ ነው። እዚህ ጋ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። ንፋስ መቀነስ ጥሩ ከሆነ የበለጠ መቀነስ የበለጠ ጥሩ ነው ብዬ ወደ 22 ገደማ አወረድኩት። የኔ ክብደት 78 ኪሎ ነው፤ ጎማዬም ጠባብ ነው። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ አንድ ስለታም ድንጋይ መታሁና የኋላው ጎማ ወዲያው ተኛ። ፈትተን ስናየው ከመነዳሪው ጎን ለጎን በሁለት ቦታ እንደ እባብ ንክሻ ተበስቷል። ምክንያቱ እሾህ አይደለም። ጎማው ሲላላ ድንጋዩ ጨፍልቆት ከመነዳሪውን ከቸርኬው ከንፈር ጋር አጣብቆ ይቆርጠዋል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካያችሁ ንፋስ አንሷችኋል ማለት ነው።

የተበሳበትን ለማግኘት ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ መንከር የተለመደ ነው። የኛ ውሃ ግን ለመጠጥና ለመግሪብ ውዱእ የቀረችው ብቻ ነበረች። ልጁ ከመነዳሪውን ነፋና ጉንጩ አጠገብ ቀስ እያደረገ አዞረው፤ የሚወጣው ቀጭን ንፋስ ጉንጩን ሲነካው «አገኘሁት፣ አጎቴ» አለ። በማስቲሽ ለጥፈን፣ እኔን ለሚያህል ሰው በዚያ ጎማ የሚሻለው 35 መሆኑን ተስማምተን ወረድን።

ሪራ መንደር የደረስነው ለመግሪብ አዛን ሲደረግ ነው። ከሶላት በኋላ አንድ ሽማግሌ ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ «እንግዶች ናችሁ፤ ኑ» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ትኩስ ወተት፣ ቂጣና የሐረና ማር ቀረበልን። ማሻአላህ፣ የዚያ ማር ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ሲያጫውቱን የሁለታችንን ጎማ በእጃቸው ዳሰሱና «ነገ ጭቃ ነው። ፈረስ ቁልቁለት ላይ የሚጥለው የፊት እግሩ ሲከዳው ነው፤ የኋላው ቢንሸራተት ይመለሳል» አሉ። ስለ ፈረስ እያወሩ መስሎኝ በአክብሮት ራሴን ነቀነቅሁ። ጠዋት ገንዘብ ልንሰጣቸው ብንሞክር ተቆጡን።

የሐረና ጫካ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። ዛፎቹ ሽበት እንዳለው ሽማግሌ ጢም አውጥተዋል፤ ከላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ወደ ታች ሲኬድ ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና በጥላው ሥር በቅሏል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። የኔ ጎማ የተጠጋጉ ጥርሶች ጭቃውን ያዙና አለቀቁትም። አንድ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ተሞልቶ ጎማው ሊሾ ሆነ። የልጁ ጎማ ግን ጥርሶቹ የተራራቁ ስለሆኑ በዞረ ቁጥር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። አስፋልት ላይ የሳቅሁበት ጎማ እዚህ ላይ ጌታ ሆነ።

አንድ ወደ ግራ የሚታጠፍ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማዬ ከዳኝ። ፍሬን የያዝኩ አይመስለኝም፤ መሪውን ሳዞር ጎማው ሳይዞር ቀጥታ ሄደ፣ እኔም በጎኔ ወድቄ በጭቃው ላይ እየተንሸራተትኩ መንገዱ መሐል ደረስኩ። በዚያው ቅጽበት ከታች አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ብቅ አለ። ሾፌሩ ዳገት እየወጣ ባይሆን ኖሮ የሚያቆመው አልነበረም። ከራሴ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆመ። አልሐምዱሊላህ። በዚያች አፍታ ያየሁት መኪናውን አልነበረም፤ ልጁ ከኋላዬ እየመጣ መሆኑን ነው እንጂ። «ቁም!» ብዬ ለመጮኽ ድምፅ አጣሁ። እርሱ ግን ቀድሞ ቆሞ፣ ብስክሌቱን ጥሎ እየሮጠ መጣ። የእናቱ ቃል ትዝ ሲለኝ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እኔ ልጁን እንድጠብቅ ተልኬ፣ ጠባቂ የሚያሻው እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ የሽማግሌው ንግግር ገባኝ። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ሰው ሚዛኑን ሊያስተካክል ይችላል፤ የፊቱ ከሄደ ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ መሬት ቆንጥጦ የሚይዘው ጎማ ከፊት መሆን አለበት። ይህን ስናገር ልጁ ቃል ሳይተነፍስ ብስክሌቱን ገልብጦ የራሱን የኋላ ጎማ ይፈታ ጀመር። ያንን ባለ ትልቅ ጥርሱን ለኔ ከፊት አደረገልኝ፤ የኔን የፊት ጎማ ለራሱ ከኋላ ገጠመ። «አንተስ?» ብለው «እኔ ከፊት አለኝ» አለ። በጎማው ጎን ላይ ያለችው ቀስት ወደ መዞሪያው አቅጣጫ መሆኗን ማየትም አልረሳም። እኔ ብሆን እረሳት ነበር። ንፋሱን 28 ግድም አድርገን (ሰፊው ጎማ ይህን ይችለዋል፤ ከኋላ ያለውን ጠባቡን ግን 35 ላይ ተውነው) ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ሳንወድቅ ከጫካው ወጣን።

ቆላው እንደ ደረቅ እቶን ተቀበለን። ደሎ መና ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከጅብራ ወደ ግራር ወርደናል። በቀዩ ደረቅ አፈር ላይ ማንኛውም ጎማ ይሄዳል፤ ጠላቱ እሾህ ነው። የግራር እሾህ ትልቅ ጥርስ ትንሽ ጥርስ አይልም፤ በመካከላቸው ይገባል። አሁን በውስጡ ከመነዳሪ የሌለው፣ ቀዳዳ ሲያገኝ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበት ጎማ አለ፤ ለእሾህ አገር እርሱ ይሻላል። እኛ ግን የነበረንን ይዘን ነው የሄድነው። የኋላዬ ሲተነፍስ በችኮላ አዲስ ከመነዳሪ ከትቼ ነፋሁ፤ መቶ ሜትር ሳልሄድ እርሱም ተነፈሰ። የጎማውን ውስጥ በጣት ሳልዳስስ ነበር የገጠምኩት፤ የእሾሁ ጫፍ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቀኝ ነበር። ተወኩል ከጥንቃቄ ጋር መሆኑን የሚያስተምረውን የግመሏን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ ለስንቱ ሰው ተናግሬው ጎማ ላይ ግን ረሳሁት።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ ልጁም ኮርቻ ላይ መቀመጥን እምቢ ብሎ አብሮኝ እየተራመደ ደሎ መና ገባን። መግሪብን በመስጂዱ ሰገድን። ከመስጂዱ ማዶ አንድ ጎሚስታ በሳፋ ውሃ ከመነዳሪዬን ነክሮ አራት ቀዳዳ ቆጠረልኝ፤ የተቀያየሩትን ጎማዎች አይቶም «ይሄ ማን የገጠመው ነው?» ብሎ ሳቀ።

ወደ አዲስ አበባ በመኪና ስንመለስ እህቴ በር ላይ ቆማ ልጇን ከእግር እስከ ራሱ መረመረችው። ከዚያም ዓይኗ ብስክሌቶቹ ላይ አረፈ። «የፊቱና የኋላው ለምን ተለያየ?» አለች። ልጁ ወደኔ ተመለከተና «ጭቃ ስለነበረ ነው» ብሎ መለሰ። ውሸት አልነበረም። ስለ አይሱዙው ግን ሁለታችንም ያኔ ትንፍሽ አላልንም፤ እንግዲህ እህቴ የዚህ መጽሔት ደንበኛ ናትና ዛሬ ታነበዋለች።