ሰማይን የሚጠብቁ ሰዎች

በአገራችን ሐምሌ ክረምት ነው። እዚህ ደግሞ ሐምሌ የሙቀት ወር ነው። በዚህም የተነሣ እኛ በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን ለወቅቱ የሚስማማ ስም አጥተን «ሰመር» ብለን ተገላግለናል። «በጋ» እንዳንለው በጋ ማለት ለእኛ ጥርና የካቲት ነው። «ክረምት» እንዳንለው እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን በረዶ የሚጥልበት ወር ይመስላቸዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሰማዩ ያን ያህል አይለያይም። አዲስ አበባ በሐምሌ ጠዋት ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ወጥታ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ይጠቁርና ነጐድጓዱ ይጀምራል። ዋሽንግተንና አካባቢዋም እንዲሁ ናት። ጠዋት ወበቁ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ፣ ከብሉ ሪጅ ተራሮች በኩል ደመናው ተነሥቶ ወደ ከተማው ይገሠግሣል።

ታዲያ ይህን ደመና እንደ ክቡር እንግዳ፣ ወንበር ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው አለ ብንላችሁ ታምናላችሁ?

አለ። እኔ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ጣራ የለውም፤ የምዕራቡ ሰማይ ወለል ብሎ ይታያል። ዝናብ ይመጣል በተባለ ቀን ሦስት አራት ሰዎች ታጣፊ ወንበርና ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው ወደዚያ ይወጣሉ። አንደኛው ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው። አንደኛዋ ነርስ ናት። ሌላው ገና ኮሌጅ ያልጨረሰ ወጣት ነው። ለዚህ ሥራቸው ሰባራ ሳንቲም የሚከፍላቸው የለም። ሽማግሌው አንድ ወፍራም ደብተር አለው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የደመናውን መልክ ይጽፍበታል። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ «ምንድን ነው የምትጠብቁት?» ብዬ ብጠይቀው «ቁጭ በልና አብረኸን ጠብቅ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ እረፍት በሆንኩ ቁጥር አንድ ወንበር የእኔ ሆነች።

መጀመሪያ የሚታየው እንደ አበባ ጎመን የተከመረ ነጭ ደመና ነው። መሬቱን የነካው ሞቃትና እርጥብ አየር እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ጠብታነት ሲለወጥ ደግሞ ሙቀት ይለቅና አየሩን መልሶ ሽቅብ ይገፋዋል። ደመናው በዓይናችን እያየነው ያድጋል። ቁመቱ 12 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲደርስ ከዚያ ማለፍ ይሳነውና አናቱ እንደ ቀጥቃጭ መስፍ ጠፍጥፎ ወደ ጎን ይዘረጋል። ሽማግሌው «አሁን ነገሩ የምር ሆነ» የሚለው ይህን ጊዜ ነው። በደመናው ሆድ ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ የኤሌክትሪክ ኃይል ያጠራቅማሉ፤ መብረቅ የሚባለው ያ የተጠራቀመው ኃይል መውጫ ሲያገኝ ነው። መብረቁ የሚያልፍበት አየር ለቅጽበት እስከ 30 ሺህ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ በድንገት የጋለው አየር ሲፈነዳ የምንሰማው ድምፅ ነጐድጓድ ነው።

ከዚያ ነፋሱ ይለወጣል። ዝናቡ አብሮት ያወረደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ተዘርግቶ ቀድሞ ይደርሳል። ያን ሁሉ ቀን በላብ ስንጠመቅ ውለን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ክንዳችን ይቀዘቅዛል። የዚያን ጊዜ ሁሉም ወንበሩን አጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በሰማይ ጠባቂዎቹ ዘንድ እስከ መጨረሻው ውጭ መቆም ጀግንነት አይደለም፤ መብረቅ ከዝናቡ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞ ሊመታ እንደሚችል ያውቃሉና።

እንዲያው ለጨዋታ ብቻ የሚቀመጡ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ስካይዋርን» በሚል ስም ተራውን ሕዝብ በነጻ እያሠለጠነ ሰማይን ያስጠብቃል። በመላ አገሪቱ ከ350 ሺህ በላይ ሠልጣኞች እንዳሉት መሥሪያ ቤቱ ይናገራል። የዋሽንግተንና የባልቲሞር አካባቢ ጽሕፈት ቤቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ስተርሊንግ ነው። «ይህን ያህል ራዳርና ሳተላይት እያለ የፖስታ አዳይ ዓይን ለምን አስፈለገ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። መሬት ክብ ናት፤ የራዳሩ ጨረርም በራቀ ቁጥር ከመሬት ከፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ራዳሩ ደመናው ሆድ ውስጥ ያለውን ያያል እንጂ ከታች፣ በእኔና በእናንተ ደጃፍ፣ ዛፍ መውደቁን ወይም መንገዱ በጎርፍ መሞላቱን አያይም። ይህን የሚያየው ሰው ነው።

ሥልጠናው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስተምሩት ግን ስለ ደመና አይደለም፤ ስለ መመስከር ነው። ያየኸውን ተናገር፤ የመሰለህን አትናገር። የት ሆነህ እንዳየህ ተናገር። በስንት ሰዓት እንዳየህ ተናገር። በረዶ ከወረደ «ትልቅ ነበር» አትበል፤ ለካው፤ መለኪያ ከሌለህ በሳንቲም መጠን ተናገር። ሩብ ዶላር የሚያህል፣ ማለትም አንድ ኢንች ስፋት ያለው በረዶ ከሆነ ማዕበሉ «ከባድ» ተብሎ ይመዘገባል። ነፋሱም በሰዓት 58 ማይልና ከዚያ በላይ ከሆነ እንዲሁ ነው። አገር ቤት ጋዜጠኛ ሳለሁ የመጀመሪያው አለቃዬ ያስተማረኝም ይህንኑ ነበር፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። ልዩነቱ እዚያ ያየነውን ጽፈን መዘዙ ለስደት ዳረገን፤ እዚህ ያየውን የተናገረ ሰው ይመሰገናል።

እውነቱን እንነጋገር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለልን ላደግን ሰዎች ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ደውሎ «እንዲህ ያለ ነገር አየሁ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ለመንግሥት ያየውን የሚናገር ሰው በእኛ ቋንቋ ስሙ ጆሮ ጠቢ ነው። አንድ ቀን ማታ በረዶ ሲወርድ ሽማግሌው ስልኩን አውጥቶ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ። የጠየቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ምን አየህ? የት ነህ? ስንት ሰዓት ነው? ማን አብሮህ አለ ያለው የለም። «እናመሰግናለን» ብለው ዘጉ። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ያን ስልክ ሳስብ ነበር። ያየውን ለባለሥልጣን መናገር ጎረቤትን ማሳሰር ሳይሆን ጎረቤትን ማዳን የሚሆንበት አገር ይቻላል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ከእኛ ሕይወት ጋር ስለሚገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2012 በዋሽንግተን ሙቀቱ 104 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ ዋለ። ማታ «ደሬቾ» የሚባለው ከሚድዌስት የተነሣ የማዕበል ሰልፍ በ12 ሰዓት ገደማ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከተማውን መታው። ነፋሱ በሰዓት 70 ማይል ደርሶ ነበር። በተመቱት ግዛቶች ሁሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ። በሰሜን ቨርጂኒያ በብዙ ቦታ 911 እንኳ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ሳምንት በፍሪዘር ሙሉ የተበላሸውን ሥጋ ስንቶቻችን አውጥተን ጣልን! ታክሲ የሚነዱ፣ ሌሊት ጥበቃ የሚያድሩ፣ ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ማዕበሉ ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው።

ነፋሱ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 8 ቀን 2019 ጠዋት በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.3 ኢንች ዝናብ ወረደ፤ የወሩን ዝናብ አብዛኛውን በአንድ ሰዓት ማለት ነው። የዋይት ሐውስ ምድር ቤት እንኳ ውሃ ገባው። የከፋው መስከረም 1 ቀን 2021 መጣ። በዚያ ቀን ሜሪላንድ ውስጥ ሮክቪል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ አፓርትመንት ውስጥ ጎርፍ ገብቶ የ19 ዓመት ወጣት ሞተ። ያንኑ ማታ ኒው ዮርክ ከተማ ከሞቱት 13 ሰዎች 11ዱ የሞቱት ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ አብዛኞቹም እንደ እኛ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ለመሆኑ ከመካከላችን ቤዝመንት ያልኖረ ማን አለ? አዲስ የመጣ ዘመድ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው? ኪራዩ ስለሚቀንስ እናመሰግነዋለን፤ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚሞላው እርሱ ነው።

ለከባድ አደጋ ስልካችን ይጮኻል። የሚጮኸው ግን በአማርኛ አይደለም። እናቶቻችን ድምፁ ሲያስደነግጣቸው አጥፍተውት ይተኛሉ። እንግሊዝኛ እናውቃለን የምንለውም ብንሆን «ዋች» እና «ዋርኒንግ» የሚባሉትን ሁለት ቃላት ስናምታታ እንገኛለን። ልዩነቱን በቡና እናስረዳ። ቡናው ታጥቦ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ ረከቦቱ ቀርቦ ከሆነ «ዋች» ነው፤ ቡና ሊፈላ ይችላልና ቤት አካባቢ ሁኑ ማለት ነው። ቡናው ተቀድቶ እጃችሁ ላይ ከሆነ «ዋርኒንግ» ነው፤ ማዕበሉ ታይቷል፣ አሁኑኑ ግቡ ማለት ነው። የጎርፍ «ዋርኒንግ» ሲመጣ ደግሞ ቤዝመንት ያለ ሰው ወደ ላይ ይውጣ፤ መኪና የሚነዳም ውሃ የሸፈነው መንገድ ውስጥ አይግባ።

ሴት አያቴ ነጐድጓድ ሲጀምር ቀይ ልብስ ታስወልቀንና ከዛፍ ሥር ታባርረን ነበር። በቀዩ ልብስ ሳይንሱ አይስማማትም፤ በዛፉ ግን ፍጹም ትክክል ነበረች። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ለእያንዳንዱ አምስት ሰከንድ አንድ ማይል ነው። ይሁንና የዛሬው ምክር ከዚህም ይቀላል፤ ነጐድጓድ ከሰማችሁ ቅርብ ነውና ግቡ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ። ይህን በተለይ ለኳስ ወዳጆች እንላለን። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በሐምሌ መባቻ ነው፤ የመብረቁም ወቅት ያው ነው። ዳኛው ጨዋታ ሲያቋርጥ ከመሳደብ ልጆቻችንን ይዘን መኪና ውስጥ መግባት ይሻላል።

እንግዲህ አንድ ሐሳብ አለን። በየከተማው ዕድር አለን። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው ይደዋወላል። ይኸው የስልክ ዝርዝር ሰው ሳይሞት ለምን አይሠራም? ከየዕድሩ ሁለት ሰው ሥልጠናውን ይውሰድ፤ በነጻ ነው፤ በኢንተርኔትም ይሰጣል። «ዋርኒንግ» በመጣ ጊዜ እነዚህ ሁለት ሰዎች ቤዝመንት ለሚኖሩት፣ ብቻቸውን ላሉት አረጋውያን፣ ሌሊት ለሚነዱት በአማርኛ ይደውሉ። የሚያዩትንም ወደ ስተርሊንግ ይደውሉ። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሱ አደራ፤ በአማርኛ ሁለቱም «በረዶ» ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሄይል» ሌላ፣ «ስኖው» ሌላ ነው። በሐምሌ ሙቀት «ስኖው እየወረደ ነው» ብሎ የደወለ ሰው እስኪያስረዳ ድረስ ማዕበሉ ያልፋል።

ደመናው የመጣበትን አገር፣ የገባንበትን ወረቀት፣ የምንናገረውን ቋንቋ አይጠይቅም። እኛ ግን እርስ በርስ ልንጠያየቅ እንችላለን። የሰመሩን ዝናብ የምሕረት ያድርግልን። ቸር ይግጠመን!