የሲኤምሲ ምሽትና የጎረቤት ሶኬት

እስቲ አንድ ቀን ሲመሽ ወደ ሲኤምሲ ብቅ በሉ። ከመገናኛ በባቡር ይደረሳል (ባቡሩ እስኪመጣ ትዕግሥት ካላችሁ ማለቴ ነው)። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ከአንዳንድ ግቢ በር ሥር ሾልኮ የወጣ ጥቁር ገመድ ታያላችሁ። በገመዱ ጫፍ መኪና አለ፤ ወይ ቢዋይዲ ወይ የቮልስዋገን አይዲ ፎር። አጠገቡ ጋቢ የተከናነበ ዘበኛ ቁጭ ብሏል። ድሮ የሚጠብቀው ስፖኪዮ ነበር፤ ዛሬ ገመድ ተጨመረበት።

ታዲያ መኪናው ሁሉ የባለግቢው እንዳይመስላችሁ! ብዙው እንግዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኮንዶሚኒየም የሚኖረውም ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ግን ቤቱ አራተኛ ፎቅ፣ መኪናው ምድር! ገመድ በመስኮት አይለቀቅ ነገር። ስለዚህ ግቢ ያለው ዘመድ ወይ ጓደኛ ይፈለጋል።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች አውቃለሁ። አንደኛው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው ሲኤምሲ ቪላ ተከራይቶ ይኖራል። የመጀመሪያው ሰሞን «ስንት ልስጥህ?» ሲባል «ኧረ ተው፣ ደግሞ ለመብራት!» ነበር መልሱ። ሁለተኛው ወር ላይ የቆጣሪው ካርድ ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ሚስት አጉረመረመች። ባል ይሉኝታ ያዘውና ዝም አለ። እንግዳውም «አትክፈል ብሎኛል» ብሎ ዝም አለ። በመጨረሻ በሩ ሲንኳኳ «የለም በሉት» ተባለ። ሃያ ዓመት የኖረ ጓደኝነት በሶኬት!

ምን ያህል ነው ነገሩ? በተራ ሶኬት በ10 አምፒር የሚሞላ መኪና በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ይሄ ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው፤ ግን ምጣድ ለሁለት ሰዓት ነው የሚጣደው፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ። አሥር ሰዓት ቢያድር 22 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት ከሆነ በወር ወደ 286 መሆኑ ነው። በወር 200 የሚጠቀም ቤት 486 ገባ ማለት ነው። የመብራት ዋጋ ደግሞ እርከን አለው፤ ቤቱ ሦስት እርከን ዘለለ። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ ራሱ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። እንግዳው በድሮው ሒሳብ ከከፈለ ልዩነቱን ባለቤቱ ከኪሱ ያወጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ «የፈለግከውን ስጠኝ» የሚሉት ነገር ነው ጠላት። ቁጥሩ እኮ ተደብቆ አያውቅም፤ ቆጣሪው ላይ አለ፣ ብዙ መኪና ላይም አለ። ሲሰካ አንብቡ፣ ሲነቀል አንብቡ፣ በመጨረሻው እርከን ዋጋ አባዙ፣ በዚያው ጠዋት ክፈሉ። ወር አታቆዩት። ቀጭን ማራዘሚያ እንደተጠቀለለ አትሰኩ፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። ሶኬቱን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት፤ ካቃጠላችሁ ንቀሉ።

ሰሚት አጠገብ አንዲት እናት ደግሞ ከሁላችንም በልጠዋል። ቆጣሪው ሥር በምስማር ደብተር ሰቅለዋል፤ ቀን፣ ሲሰካ፣ ሲነቀል፣ ብር። ሁለት የሰፈር ልጆች ተራ ይዘው ይሞላሉ።

«እትዬ፣ ዛሬ ልምጣ?» ይላል አንዱ በስልክ።

«ዛሬ እንጀራ እጋግራለሁ ልጄ፣ ብሬከሩን ትጥልብኛለህ። ነገ ና። ደግሞ የማክሰኞውን 18 ብር አልጨረስክም።»