ገመዱ ከመበጠሱ በፊት

"ቲቸር፣ ሊፍት ውስጥ እያለን ገመዱ ቢበጠስ፣ መሬት ሊነካ ሲል ብንዘልስ?"

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ይቺ ጥያቄ ያልመጣችበት ዓመት የለም። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም ጠመኔ አንስቼ እሠራላቸዋለሁ። ከ20 ሜትር ከፍታ በነጻ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ጎበዝ ዘላይ ከዚህ ላይ የሚቀንሰው ቢበዛ 10 ቢሆን ነው። መሬቱ መቼ እንደሚመጣስ ማን ይነግረዋል? በቃ፣ መዝለል አያድንም።

ዘንድሮ ግን ጥያቄውን ገልብጬ ጠየቅኳቸው፤ "ከመበጠሱ በፊትስ ምን ይሆናል?" ዝም አሉ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ አሁን ፎቅ ላይ ስለምትኖሩና ስለምትሠሩ ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሚያረጋጋውን ልንገራችሁ። ሊፍት በአንድ ገመድ አይንጠለጠልም። ብዙውን ጊዜ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ የብረት ገመዶች አሉት። የአውሮፓው ደረጃ ሦስትና ከዚያ በላይ ገመድ ላለው ሊፍት የ12 እጥፍ አቅም ይጠይቃል። ሁሉም ቢበጠሱ እንኳ ፍጥነት ሲያልፍ ሐዲዱን ጨምድዶ የሚይዝ ፍሬን አለ። የሐሳቡን መነሻ በ1854 እ.ኤ.አ. ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል አሜሪካዊ ኒውዮርክ ውስጥ በሕዝብ ፊት አሳይቷል። ከፍ ያለ መድረክ ላይ ቆሞ የተንጠለጠለበትን ገመድ አስቆረጠ፤ መድረኩ ትንሽ ወርዶ ቀጥ አለ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ገመድ በአንድ ቀን አያረጅም። ሊፍቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ፑሊው ላይ ይታጠፋል፣ ይቃናል። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ቅባቱ ሲደርቅ ቀይ የዝገት ዱቄት ይታያል። ከዚያ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፣ ገመዱ ይቀጥናል፣ ይለጠጣል። የፑሊው ቦይም አብሮ ይበላል፤ ገመዱ መንሸራተት ይጀምራል። ተሳፋሪው የሚያየው ምልክት ታዲያ ሊፍቱ ከወለሉ ጋር እኩል አለመቆሙ ነው። መንስኤው ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ግን ያስጠይቃል።

ደግሞ አይቶ ማለፍና መርምሮ ማለፍ ይለያያል። ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊዝበን ውስጥ ዳገት ላይ በገመድ የሚሳበው የግሎሪያ ባቡር ገመዱ ከመያዣው ተላቆ 16 ሰው ሞተ። ገመዱ ከተገጠመ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት በዓይን ታይቶ "ደህና ነው" ተብሏል። የተላቀቀው ቦታ ግን ሳይፈታ የሚታይ አልነበረም።

ወደ ቤቴ ልምጣ። እህቴ የምትኖረው ስምንተኛ ፎቅ ነው፤ ጉልበቷን የሚያማት እናታችንም እሷ ጋር ናት። ሊፍቱ ለወራት ከወለሉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ሲቆም ከረመ። አንድ ቀን እማዬ ስትወጣ ተደናቀፈች፣ ጎረቤት ደግፎ ያዛት። በስንት ውትወታ ባለሙያ መጣና ገመዶቹን ለካ። 10 ሚሊ ሜትር የነበረው አንዱ ቦታ ላይ 9 እንኳ አልሞላም። "ሁሉም ባንዴ ይቀየሩ። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አዲሱና አሮጌው እኩል አይሳቡም፣ ጭነቱ አንዱ ላይ ይወድቃል" አለ።

የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ምድር ቤት ያለው "እኔ ሊፍት አልጠቀምም" አለ። ቤቱን ያከራየው ስልክ አያነሳም። ሌላው ደግሞ "እየሠራ አይደል እንዴ?" አለ። እኔን ያሳሰበችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ያረጀ ገመድም እየሠራ ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ይሠራል።

በመጨረሻ ገንዘቡ እስኪሞላ ሊፍቱ እንዲዘጋ ተወሰነ። እኔም ደግፌያለሁ። እማዬ ግን ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ፣ በረንዳ ላይ ሆና ታች ታያለች። መዋጮው ገና ግማሽ ነው። ስምንት ፎቅ በደረጃ የሚወርድ ጉልበት የሌለው ሰው ያለበት ሕንጻ ውስጥ "አይመለከተኝም" የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም ነበር።

እናንተም ሕንጻችሁን ጠይቁ። ገመዱ መጨረሻ የተለካው መቼ ነው? የተለካው ቁጥር ተጽፏል ወይስ "አይተነዋል" ብቻ ነው? የፈረመውስ ማነው? ለጥገና በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ አለ? ሊፍቱ ከወለሉ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ከቆመ ደግሞ ለጥበቃ ነግሮ ማለፍ አይበቃም፤ ለኮሚቴው በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑን ያዙ።

የእናንተ ሕንጻ መዋጮውን እንዴት ነው የሚከፋፈለው? በፎቅ ነው ወይስ እኩል? የተስማማችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለቅዳሜው ስብሰባ ይዤው እገባለሁ።