ገንፎ የሌለበት የአራስ ቤት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

በ2017 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በዳለስ አውሮፕላን ጣቢያ ወረድኩ። የጉዞዬ ምክንያት ጉብኝት አልነበረም። ታላቅ እኅቴ በጥቅምት ወር የሆድ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግላት በስልክ ስለ ነገረችኝ ላስታምማት ነው የሄድኩት። በሻንጣዬ የያዝኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ የገብሱ ዱቄት፣ የአጃው ዱቄት፣ ምኑ ቅጡ! ታማሚን እያበሉ ማዳን እንጂ ሌላ ማስታመም መኖሩን የት አውቄ?

ቀዶ ሕክምናው ጨጓራዋን ለማሳነስ መሆኑን የሰማሁት ቤቷ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሻንጣዬን ከከፈትኩ በኋላ ነው። እቴቴ የገብሱን ዱቄት በእጇ ይዛ አየችና፣ “ይኼ እንኳ ለልጁ ይሆናል” አለች።

በጣም ተቆጣሁ። “ጤነኛ ሆድ እንዴት ይቆረጣል? ጾም አለ፤ በእግር መሄድ አለ። ለቁንጅና ብለሽ ነው?” አልኳት። እሷም ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ “የአባባን እግር ረሳሽው እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። አባታችን የስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ በመጨረሻም እግራቸው ተቆርጦ ነው ያረፉት። እቴቴ ደግሞ ስኳሩም፣ የደም ግፊቱም ይዟታል። ዕድሜዋ 44 ነው፤ ልጇ ገና 16 ዓመቱ ነው። ከዚህ በኋላ ምን እመልሳለሁ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ ከከተማዋ ወሰን ጋር ተያይዛ ያለች የሜሪላንድ ከተማ ናት። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ወደ አሜሪካ የገቡት ወገኖቻችን መጀመሪያ የሰፈሩት ዋሽንግተን ውስጥ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሠፈር ነበር። በኋላ ግን የቤት ኪራይ እየናረ ሲሄድ ብዙዎቹ ወደ ዳር ወጡ። ዛሬ በጆርጂያ አቬኑና በፌንተን ስትሪት ላይ የሚሄድ ሰው የአማርኛ ማስታወቂያ ለማየት አንገቱን ማዞር እንኳ አያስፈልገውም። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ ቡናው ይቆላል፤ ጥብሱ ሲቀርብ ሽታው እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይደርሳል። ለእኔ ናፍቆት የማያስገባ ደስ የሚል መንገድ ነበር። ከምግብ ለመራቅ ለምትታገል ሴት ግን ያንን ጎዳና በየቀኑ ማቋረጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

እቴቴ በዚያ አገር 20 ዓመት ሙሉ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከበች ኖራለች። ሥራው የሌሊት ነው። አዛውንቱን ካስተኛች በኋላ ወንበር ላይ ታድራለች፤ እንቅልፍ እንዳይጥላት ትበላለች፤ ጠዋት ቤቷ ገብታ ደግማ በልታ ትተኛለች። እንዲህ እያለች 104 ኪሎ ደረሰች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነው። ሐኪሞች ኪሎውን ቁመት በቁመት ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ያካፍሉታል፤ የእሷ ከ40 በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ባለሙያዎች ባወጡት መመሪያ 40 የሞላው፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ በሽታ የተጨመረበት ሰው ለዚህ ቀዶ ሕክምና ይታጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን መመሪያው ተሻሽሎ ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም 35 የደረሰ ሰው እንዲታይ ሆኗል።

ሕክምናው ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። ኤድዋርድ ሜሰን የተባሉ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ምግብ አብዛኛውን ጨጓራ ሳይነካ ወደ አንጀት እንዲያልፍ ማድረግ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ለእቴቴ የተመረጠላት ሌላው ዓይነት ነው። ከጨጓራው ከመቶ ሰባ አምስት እስከ ሰማንያ የሚሆነው እጅ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይሰፋል። ረኀብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል በመሆኑ የመብላት ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። የስኳር በሽታውም በብዙዎች ላይ ክብደታቸው ገና ሳይቀንስ መሻሻል ይጀምራል።

ከሐኪሙ ጋር በነበረን ቀጠሮ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ በስልክ ቀረበልን። እቴቴ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ነገር ግን “ስለ ሆዴ የሚነገረውን በእናቴ ቋንቋ ልስማው” ብላ ጠየቀች። በአሜሪካ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም ግን አይመከርም፤ ይህን ደኅና ነገር ብዬዋለሁ። አስተርጓሚው የቀዶ ሕክምናውን ስም “እጅጌ” ብሎ ተረጎመው። እቴቴ የሀበሻ ቀሚሷን እጅጌ ይዛ ተመለከተችና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ዝግጅቱ እኔ ከመድረሴ ከ6 ወር በፊት የተጀመረ ነበር። የምግብ ባለሙያዋ የምትበላውን ሁሉ በደብተር አስጽፋታለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ስታዝን፣ ስትናደድና ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታደርግ ጠይቋታል። በእንቅልፏ ትንፋሽዋ ይቆራረጥ እንደ ሆነ ተመርምሯል፤ ማደንዘዣ ለሚወስድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያም ተገኝቶባት በመድኃኒት ታክማለች። አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ወደ ቱርክ ሄደሽ በርካሽ ተሠሪ ብላት ነበር። እኔ በበኩሌ ባለመስማቷ ደስ ብሎኛል፤ በአምስተኛው ቀን አውሮፕላን ላይ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ደም ያረጋል፤ ከተመለሱ በኋላስ ማን ይከታተላል?

የመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ከባድ ነበሩ። እንጀራ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ስኳር የለ፤ ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ፣ ጥቂት አትክልትና ቅባት የሌለው ዶሮ ብቻ። ምክንያቱ ጉበት ነው። በስብ ያበጠ ጉበት ጨጓራው ላይ ተኝቶ የሐኪሙን እጅ ይከለክላል፤ በዚህ አመጋገብ ግን ይሟሽሻል። ቡናም ቀርቶባታል። ነገር ግን እሑድ እሑድ ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አፍልታ ለእኛ ትቀዳልናለች። “ሽታው አልተከለከለም” ትላለች። እኔ ሽሮ የምበላው ወጥ ቤቱን ዘግቼ ነበር።

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ሆስፒታል ገባን። ሆዷ ላይ 5 ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ ነው የከፈቱት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነርሷ መጥታ ከአልጋዋ አስነሣቻት። “አሁን የተሰፋች ሴት ታስነሣለች?” ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ለካ በእግርና በሳንባ ደም እንዳይረጋ ቶሎ መራመድ ግዴታ ኖሯል። ውሃ በትንሽ ኩባያ ተሰጣት፤ የእኛን አገር የአረቄ መለኪያ ያህላል። ያችን በሩብ ሰዓት ውስጥ እየተጎነጨች ትጨርሳለች፤ ከዚያ ሌላ ይቀዳላታል። ሁለት ሌሊት አድረን ወደ ቤት ተመለስን።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በአራተኛው ቀን ፊቷ ገርጥቶ ሳየው አንጀቴ አልቻለም። የተሰጠን ወረቀት ቀጭን ፈሳሽ ብቻ ይላል። አጥሚትም ፈሳሽ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ካመጣሁት የአጃ ዱቄት ወፈር አድርጌ ሠራሁ፤ ማር ጨመርኩበት፤ በትልቅ ኩባያ ሰጠኋት። እሷም ላለማስከፋት ጠጣችው። ወዲያው ሆዷን ቁርጠት ያዛት፤ ላብ በላብ ሆነች፤ አስታወከች። ከዚያ በኋላ ውሃውን እንኳ ፈርታ እስከ ማታ አልቀመሰችም። ሲመሽ ስትነሣ ዞረባት፤ ሽንቷ ጠቁሯል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ልጁ ነው ስልኩን አንሥቶ የደወለው። ነርሷ ትኩሳት አላት ወይ፣ ልቧ በፍጥነት ይመታል ወይ፣ ትከሻዋን ያማታል ወይ፣ ትንፋሽ ያጥራታል ወይ እያለች ጠየቀች። የተሰፋው ቦታ ቢያፈስ ምልክቱ እነዚህ ናቸውና። ሌሊቱን ተመልሰን ሄድን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የውሃ እጥረት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በደም ሥር ፈሳሽና ቫይታሚን ተሰጥቷት ጠዋት ተመለሰች። እኔ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ልጁ፣ “አክስቴ፣ አሁን ወረቀቱን እኔ ነኝ የምይዘው” አለኝ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም ያዘው።

እንዲህ ያለ ቤት ጠያቂ አያጣም። ምን እንደ ሆነች ባይነገርም ሆስፒታል መግባቷ ተሰምቶ የማኅበሯ ሴቶች መጡ። አንዷ ገንፎ በቅቤ፣ አንዷ ዶሮ ወጥ በድስት፣ አንዷ ድፎ ዳቦ ይዘው። እውነትም አራስ ጥየቃ ይመስል ነበር። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ከገንፎው በማንኪያ ቆንጥረው፣ “በሞቴ፣ አንዲት ብቻ” ብለው ወደ አፏ አስጠጉ። እቴቴ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። “እማማ፣ ጨጓራዬን ተቆርጬ ነው። ውፍረቱ ሊገድለኝ ነበር” አለች። ቤቱ ዝም አለ። እማማ ማንኪያውን እንደ ያዙ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያም አጠገባቸው የተቀመጠውን ልጅ ጠርተው አጎረሱት። “ውሃስ ይፈቀድልሻል ልጄ?” አሉ። ያችን መለኪያ አንሥተው እስክትጨርስ ድረስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይዘውላት ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒታችን መንገድ ሆነ። ስላይጎ ክሪክ የሚባል ጅረት ሲልቨር ስፕሪንግን አቋርጦ ይወርዳል፤ በዳሩም 10 ማይል ያህል የሚሄድ የእግረኛ መንገድ ተነጥፎለታል። መጀመሪያ ቀን እስከ አንደኛው ድልድይ ብቻ ሄደን ተመለስን። በሳምንቱ እስከ ሁለተኛው። ጥቅምት እዚያ ቅጠል የሚረግፍበት ወር ነው፤ ዛፉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ውሃው ላይ ይራገፋል። አጋዘን ሰው ሳይፈሩ ዳር ላይ ይግጣሉ። ልጅ በጋሪ የሚገፉ፣ ውሻ የሚያስከትሉ፣ የሚሮጡ ሁሉ ሰላም እያሉ ያልፋሉ። እቴቴ በ20 ዓመት ውስጥ ያንን መንገድ ከመኪና መስኮት እንጂ በእግሯ አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ ስለ ተከለከለች የውሃ ጠርሙሷን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የተፈጨ ምግብ ተፈቀደ። ያን ጊዜ ሽሮው ሥራ አገኘ፤ በርበሬ የሌለበት፣ ቀጭን፣ 3 ማንኪያ። ሲበሉ አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ማግኘት አለባት። ቫይታሚኑ፣ ብረቱ፣ ካልሲየሙ ዕድሜ ልክ ነው። ፀጉሯ ከሦስት ወር በኋላ ሊሳሳ እንደሚችል፣ ቆይቶም እንደሚመለስ አስቀድመው ነግረዋታል። ለወጣት አንባብያት አንድ ነገር ልጨምር። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ ሐኪሞች ግን ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እርግዝና እንዲቆይ ይመክራሉ። እቴቴ ይህን ስትሰማ “እኔስ አንዱን ላሳድግ” ብላለች።

አርባኛው ቀን ኅዳር 15 ዋለ፤ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ቀን ነው። የንስሐ አባቷን በስልክ ጠየቀቻቸው። “የታመመ አይገደድም፤ ሐኪምሽን ስሚ” አሏት። ያን ጠዋት ሚዛን ላይ ስትወጣ 89 ኪሎ ሆነች። የስኳር መድኃኒቷም በሐኪም ትእዛዝ በግማሽ ተቀንሶላታል።

ማታ እናታችን ከአዲስ አበባ በምስል ስልክ ደወለች። እስከዚያ ቀን ድረስ “ትንሽ ሆዴን አሞኝ ነው” እያልን ደብቀናታል። እማዬ ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠግታ ብዙ አየቻት። በእኛ ዘንድ “ወፈርሽ” ምርቃት፣ “ከሳሽ” ደግሞ ለቅሶ መሆኑን ታውቃላችሁ።

“ከሳሽ ልጄ” አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። “ምን ደረሰብሽ?”

እቴቴ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። “እማዬ፣ ቁጭ በይና የአባባን ነገር ላንሣልሽ” ብላ ጀመረች። እኔም መለኪያዋን ሞልቼ አጠገቧ አስቀመጥኩና ወጥ ቤት ገባሁ።