ውሮ ለምን ሞተች?

በዚህ ሳምንት የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ድመት ነው። ስለ ድመት ደግሞ ምን ይጻፋል እንዳትሉኝ። እህል ያለበት ቤት የድመትን ጥቅም ያውቀዋል። አይጥ ጎተራ ከገባች የዓመት ልፋት ይበላሻል።

እናቴ አዲስ አበባ ውስጥ እህል ትሸጣለች። ጤፉንና ስንዴውን የምትጠብቅልን አንዲት ዳለቻ ድመት ነበረች። ስሟ እንደ ብዙ ቤት ድመት ውሮ ነው። ቀን ጆንያ ላይ ትተኛለች፤ ሌሊት ሥራዋን ትሠራለች። ማታ እኔ ሳጠና ደግሞ ደብተሬ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች። ገጽ ልገልጥ ስል በመዳፏ እጄን ትይዘዋለች። ይሄ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አራት ዓመት ሲሆናት መክሳት ጀመረች። በኋላም እህል ውሃ እምቢ አለች። አፏን ከፍቼ ባየው ድዷ ነጭ ሆኗል። የጤነኛ ድመት ድድ እኮ ቀላ ያለ ነው። አንድ ቀን አይጥ በፊቷ ስታልፍ እያየች ዝም አለች። ያኔ እናቴ «ይቺስ ታማለች» አለች። ጎረቤት መርዝ በልታ ይሆናል አለ። ቡዳ ነው ያለም አልጠፋም።

በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ ጥቂት ደም ቀድታ መረመረች። «የድመት ሉኪሚያ ነው» አለችኝ።

ሉኪሚያ ማለት የደም ካንሰር ነው። ይህን የድመት በሽታ የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው። ቫይረስ በዓይን የማይታይ፣ እጅግ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይራባል። አንዷን ድመት ካንሰር ያሲዛታል። የሌላዋን ሰውነት ያደክምና ትንሽ ቁስል እንኳ ይጥላታል። የሌላዋን ደግሞ ደሟን ይጨርሰዋል። ውሮን የገጠማት ይህ ነው። ድዷን ያነጣው የደም ማነስ ነበር።

ቫይረሱን ያገኙት ዊልያም ጃሬት የሚባሉ የእንስሳት ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። አገሩ ስኮትላንድ፣ ከተማው ግላስጎው፣ ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1964 ነው። ካንሰር ከያዛት ድመት የተወሰደውን ናሙና በጣም በሚያጎላ መሣሪያ ሲመለከቱ አዩት። በ1985 ደግሞ መከላከያ ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ ወጣ። ክትባቱ የሚጠቅመው ግን ቫይረሱ ላልገባባት ድመት ነው። ለታመመችው የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

በሽታው በብዛት የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ድመቶች ሲላላሱ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ ሲነካከሱ ይጋባል። እናት ለግልገሎቿም ታስተላልፋለች። አንዳንድ ትልልቅ ድመቶች ቫይረሱን ያሸንፉታል፤ ግልገሎቹን ግን ይጎዳል። ክፉነቱ ደግሞ የያዛት ድመት ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ጤነኛ መስላ ትኖራለች። ውሮም ስትታደን፣ ስትጫወት በሽታው ውስጧ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ልጆቹንስ?» ብላ ነው። ከድመት ወደ ሰው አይተላለፍም። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ድመትም ታስተላልፋለች። ስለዚህ ድመት ብትነክሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሌላ ቡራቡሬ ድመት ነበረችን። ልጅ ናት። ከውሮ ጋር ተቃቅፈው ነበር የሚተኙት። ደሟ ሲመረመር ንጹሕ ሆነ፤ ሆኖም ሐኪሟ ከስድስት ሳምንት በኋላ ትደገም አለች። እስከዚያው ለየናቸው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ ሳህኑን በሳሙና ማጠብ ይበቃል። መለየቱ ነው የከበደን። ቡራቡሬዋ ሌሊቱን በር ላይ ስትጮህ ታድራለች፤ ውሮም ከውስጥ ትመልስላታለች።

ሐኪሟ «እንዳትሠቃይ በመርፌ ማሳረፍ ይቻላል» ብላኝ ነበር። እናቴ «እግዜር የሰጣትን ነፍስ እኔ አላስወስድም» አለች። እኔ የሐኪሟን ምክር እመርጥ ነበር፤ ዛሬም እመርጣለሁ። ግን አልተጣላንም። እናቴ መረቅ እያፈላች በጣቷ ታልሳት ነበር። ብርድ እንዳይነካት በአሮጌ ጋቢ ጠቀለለቻት። በሦስተኛው ሳምንት ሊነጋ ሲል ሞተች።

አንድ ጎረቤት «ወዲያ ጣሏት» አለን። እናቴ ተቆጣች። «አራት ዓመት እህሌን ጠብቃለች፤ ጅብ አይበላትም!» አለች። ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበርናት። እኔም አለቀስኩ።

ይህን በክፍላችን ስናገር ይስቁብኛል ብዬ ነበር። የሳቀ የለም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ለድመትም ይለቀሳል እንዴ?» አሉኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ቀበል አደረጉና «እኔ በሬዬ የሞተ ዕለት እህል አልቀመስኩም» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ቀርቶ ወሬው ሁሉ ስለ በሬ፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ውሻ ሆነ። እኚያም እናት ስለ አንዲት ላም ብዙ አወሩ።

ቡራቡሬዋ ሁለተኛው ምርመራዋም ንጹሕ ሆነ። ሰሞኑን ውሮን ስትፈልግ ከረመች። አሁን ጆንያው ላይ የምትተኛው እሷ ናት። አይጥ መያዙን ግን ገና እየተማረች ነው።